የኃይል ማመንጫውን በር ክፈቱት፤ የተነሣውም ሰው ያስጎብኘን

ውኃውን አፍልቶ እንፋሎት የሚያደርገው ቦይለር ከጣሪያ የተንጠለጠለ መሆኑን የተረዳሁት ከሥሩ ቆሜ ካንጋጠጥሁ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ እሳት የያዘ ምድጃ መሬት ላይ አላረፈም። ሲግል ስለሚረዝም ወደ ታች የሚለጠጥበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ከላይ ሰቀሉት። አስጎብኚያችን ይህን ሲያስረዱ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረ፤ ኩራታቸውም ተገቢ ነው።

ቦታው ጀርመን ውስጥ፣ ከበርሊን በስተደቡብ ምሥራቅ ላውዚትዝ በሚባለው አካባቢ የሚገኘው የሽቫርትሰ ፑምፐ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራ የጀመሩ፣ እያንዳንዳቸው 800 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት ዩኒቶች አሉት። የሚያነደው ሊግናይት የሚባለውን ቡናማ የድንጋይ ከሰል ነው። በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በቀን ከ30 ሺህ ቶን በላይ ይበላል።

እኔ ከሰል ይቅር ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ከጉብኝቱ በኋላም አቋሜ አልተለወጠም። የተለወጠው አነጋገሬ ነው። አስጎብኚው ከማጓጓዣው ቀበቶ አጠገብ አንድ ጓል አንስተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ድንጋይ ጠብቄ ነበር፤ እጄ ላይ ያረፈው ግን እርጥብ፣ ሲጫኑት የሚፈረፈር፣ የእንጨቱ ቃጫ ገና የሚታይበት ነገር ነው። ከ15 ሚሊዮን ዓመት በላይ መሬት ውስጥ የቆየ ደን ነው። ክብደቱ ከግማሽ በላይ ውኃ ስለሆነ፣ ከእሳቱ ጉልበት ቀላል የማይባል ድርሻ ያንን ውኃ ለማትነን ይጠፋል። ቡናማ ከሰል ለምን ከሁሉም የከፋ አየር በካይ እንደሆነ ከዚያ በፊት በቁጥር አውቀው ነበር፤ እዚያ ግን በእጄ አወቅሁት።

ከቦይለሩ የሚወጣው እንፋሎት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ተርባይኑን በደቂቃ 3 ሺህ ጊዜ ያሽከረክረዋል። የተርባይኑ አዳራሽ ወለል ከጫማዬ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። ከጭሱ የሚለየው ድኝ ከኖራ ድንጋይ ጋር ተዋሕዶ ጀሶ ይሆንና የግድግዳ ሰሌዳ ይሠራበታል፤ ትራፊው ሙቀት የሽፕሬምበርግንና የሆየርስቨርዳን ቤቶች ያሞቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን እንዳለ ወደ ሰማይ ይወጣል።

ከዚያ በአሳንሰር 161 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው መመልከቻ ወጣን። ከታች ከሰሉ የሚወጣበት ጉድጓድ ይታያል፤ ጉድጓድ ማለት ራሱ ያንሰዋል፣ ሸለቆ ነው። አዛውንቱ አስጎብኚ የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ እዚህ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ከሸለቆው በላይ ወዳለው ባዶ አየር ጣታቸውን ቀስረው የአያታቸውን መንደር አሳዩን። መንደሩ የነበረበት አፈር የለም፤ ስለዚህ የሚያመለክቱት አየሩን ነው። ስሙን ስጠይቃቸው ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በሁለት ቋንቋ ጻፉልኝ፤ በጀርመንኛና በሶርብኛ።

ሶርቦች በላውዚትዝ ከሺህ ዓመት በላይ የኖሩ፣ የስላቭ ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝብ ናቸው። በአካባቢው ለከሰል ሲባል በሙሉ ወይም በከፊል የፈረሱት መንደሮች ከ130 ይበልጣሉ። ሆርኖ የተባለው መንደር ለዓመታት በፍርድ ቤት ተከራክሮ ተሸነፈ፤ ቤተ ክርስቲያኑም እ.ኤ.አ. በ2004 በፈንጂ ፈረሰ። አሁን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሕግ መሠረት ማመንጫው ራሱ ቢዘገይ እ.ኤ.አ. በ2038 ይዘጋል። እኒያ ሰው መንደራቸውን ለከሰሉ ሰጡ፣ ጉልበታቸውን ለማመንጫው ሰጡ፤ አሁን የሁለቱንም ፍጻሜ ያያሉ። ከሰል ይዘጋ ስንል ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የምንመልሰው መልስ ሊኖረን ይገባል። እኔ እስከዚያ ቀን አልነበረኝም።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው ጉዳዩ የጀርመን ብቻ ስላልሆነ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል የሚገኘው ከውኃ ነው፤ በዚህ መመስገን አለብን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ እኔም ከደስታ ብዛት አልቅሻለሁ። ነገር ግን ግድብም መሬት ይወስዳል፤ ከእያንዳንዱ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሥር የሰው ማሳ፣ የግጦሽ መሬት፣ መቃብር አለ። ያንን የሚነግረን ማን ነው?

ለባለሥልጣን ልዑካን ብቻ ሳይሆን ለተማሪዎችና ለተራው ሰው የተሰናዳ መደበኛ ጉብኝት በየማመንጫዎቻችን ይኑር። ቆቃ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ልጆቹ ወለሉ ከጫማቸው ሥር ሲንቀጠቀጥ ይስሙት፣ መሐንዲሱም ስለ ተርባይኑ ይንገራቸው። ከዚያ ወደ ውኃው ዳር ይውጡና ወላጆቻቸው ከዚያ መሬት የተነሡባቸው አንድ ሽማግሌ ማሳው የት እንደነበረ በጣታቸው ያሳዩአቸው። ለእኒያም ሽማግሌ እንደ ማንኛውም አስጎብኚ ደመወዝ ይከፈላቸው።