ለ«አይሰራም» ባለቅኔዎች

ዛሬ ማመስገን አምሮኛል። ብዙም አመስጋኝ አይደለሁም፤ አንዳንድ ጥበብ ግን በዝምታ አይታለፍም።

ትንሽ የኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዷ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ የኮምፒውተር መሳሪያ አለችኝ። የተዝረከረከ ኮድ ትቀበልና አሰላለፉን አስተካክላ ትመልሳለች። ፎርማተር የሚባሉት ዓይነት ናት። ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ትሰራለች፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ብዬ ነው ተኝቼ የማድረው። ገንዘብ አታስገባም። የምነካካት ማታ ማታ፣ ከዋናው ስራዬ ስገባ ነው። ሰዎች ይጠቀሙባታል። መጠቀማቸውን የማውቀው ግን በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ስትበላሽባቸው ይጽፉልኛል።

የሚጽፉትም «አይሰራም» ነው።

በቃ። ርዕሱ «አይሰራም»፣ ሐተታው «አይሰራም»። ጉባኤ ቃና እንኳ ሁለት ቤት ይፈልጋል፤ መወድስማ ስምንት ነው። ይሄኛው በአንድ ቃል ተዘግቷል። ሰሙ ግልጽ ነው፤ አልሰራለትም። ወርቁን ቆፍሮ ማውጣት የኔ ፋንታ ነው። ምኑ ነው ያልሰራው? መጫኑ? መክፈቱ? ወይስ ሰርቶ ውጤቱ አላማረም? በየትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም? በየትኛው ቨርዥን? ባለቅኔ ይህን አይናገርም። ተናግሮማ ምኑን ተቀኘው!

እርግጥ ኢሹ፣ ማለትም የችግር ማመልከቻ፣ ሲከፈት ብቅ የሚል ቅጽ አዘጋጅቻለሁ። አራት ጥያቄ ብቻ ነው። ሲስተምህ ምንድን ነው፣ ቨርዥኑ ስንት ነው፣ ምን ጻፍክ፣ ምን መለሰልህ። ለመሙላት ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ለማጥፋት ግን ሁሉን መርጦ አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል። የኔ ባለቅኔዎች ሁለተኛውን ይመርጣሉ። ባዶ ሜዳ ላይ ነው ቅኔ የሚመጣላቸው መሰለኝ።

አንዱን ላሳያችሁ። አንድ ማታ «አይሰራም» መጣ።

«ወንድሜ፣ የምትጠቀመው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ምንድን ነው?» አልኩት።

ሶስት ቀን ቆይቶ መለሰ። «አዲሱ።»

«የማን አዲሱ?» አላልኩም። ጨዋ ነኝ። የስህተት መልእክቱን እንዲልክልኝ ለመንኩት። ፎቶ ላከ። ስክሪንሾት አላልኩም፤ ፎቶ ነው። ስክሪኑን በስልኩ አንስቶታል። ግማሹ የመስኮት ነጸብራቅ ነው። በግራ በኩል አውራ ጣቱ አለ። ከመልእክቱ የሚነበበው የመጨረሻው ግማሽ መስመር ብቻ ነው። አጉልቼ፣ አጉልቼ፣ ከታች በኩል አራት ትንንሽ ሰማያዊ ካሬዎች አየሁ። ዊንዶውስ! ወርቅ ያገኘሁ ያህል ከወንበሬ ተነሳሁ።

ከዚያ ቁፋሮው ቀጠለ። ለካ አንድ ደግ የሊኑክስ ተጠቃሚ የሙከራ ፋይል ጨምሮልኝ ኖሯል። ስሙን «ኤዩኤክስ» ብሎታል፤ «ረዳት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ማሳጠሩ ነው። ሊኑክስ ላይ ምንም የለበትም። ማክም አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ዊንዶውስ ላይ ግን ስሙ የተያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ዶስ፣ ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የማይክሮሶፍት ሲስተም፣ ፎልደር የሚባል ነገር አልነበረውም። ስለዚህ ኪቦርዱም ማተሚያውም እንደ ፋይል በስም ይጠሩ ነበር፦ «ኮን»፣ «ፒአርኤን»፣ «ኤዩኤክስ»፣ «ኤንዩኤል»። በ1983 ዶስ 2.0 ፎልደር ይዞ መጣ። ስሞቹ ግን ያኔም አልተለቀቁም። ማይክሮሶፍት እስከ ዛሬ ድረስ ፋይላችሁን በነዚህ ስሞች አትጥሩ፣ ከኋላቸው ነጥብና ቅጥያ ብትጨምሩም አትጥሩ ይላል። ኮድ የምናስቀምጥበትና የምናወርድበት ጊት የሚባለው ፕሮግራምም ዊንዶውስ ላይ ኮዴን ሊያወርድ ይሞክርና ይህን ስም ሲያይ አሻፈረኝ ይላል።

ስለዚህ ሰውየው ልክ ነበር። አይሰራም አለ፤ አልሰራም። ጥፋቱ የኔ ነው። የፋይሉን ስም ለመቀየር ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ቅኔውን ለመፍታት ግን ሁለት ሳምንት ሄደ። «ተስተካክሏል፣ እስቲ ሞክረው» ብዬ ጻፍኩለት። ወሬው ጠፋ። ባለቅኔ ተቀኝቶ ሲያበቃ ጭብጨባ አይጠብቅም።

ሌላው የማደንቀው ወገን ጠያቂው ነው። «ሊኑክስ ላይ ይሰራል፣ ዊንዶውስ ላይ ለምን አይሰራም? አንድ ኮድ አይደል እንዴ?» ይላል። አንድ ኮድ ነው፤ እውነቱን ነው። የመስመር መጨረሻው ግን አንድ አይደለም። የድሮው ቴሌታይፕ፣ ከሩቅ የመጣ መልእክት ወረቀት ላይ የሚጽፈው ማሽን፣ መስመር ሲጨርስ ሁለት ነገር ያደርግ ነበር። መጻፊያውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሳል፣ ወረቀቱን አንድ መስመር ከፍ ያደርጋል። ዊንዶውስ ሁለቱንም ምልክቶች ይዞ ቀረ። ሊኑክስና የአሁኑ ማክ በአንዱ ረኩ። ወረቀቱም ማሽኑም ከጠረጴዛችን ጠፍተዋል፤ የማትታየዋ ምልክት ግን አለች። ዊንዶውስ ላይ የተቀመጠ ስክሪፕት፣ ማለትም የትእዛዝ ፋይል፣ ሊኑክስ ላይ ስታስነሳ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይልሃል። ፋይሉ ፊት ለፊትህ ነው! ያልተገኘው ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ፕሮግራም ነው፤ ስሙ መጨረሻ ላይ ያቺ የማትታይ ምልክት ተለጥፋለች። በዚህች ምልክት የተነሳ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አጥቻለሁ። ለጠያቂው ይህን ብነግረው «ታዲያ ለምን አታስተካክለውም?» ይለኛል። ቴሌታይፑን?

ትልቅና ትንሽ ፊደልም አለ። ሊኑክስ በትልቅ የጀመረን ስምና በትንሽ የጀመረን ስም ሁለት ፋይል ያደርጋቸዋል። ማክና ዊንዶውስ፣ ካልነካካሃቸው በቀር፣ አንድ ነው ይላሉ። ስለዚህ ማክ ላይ ስሙን በትንሽ ፊደል አሳስቶ የጻፈ ሰው ስራው ሁሉ ያምርለታል። ኮዱ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሲወጣ ነው ጉዱ የሚታየው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። በዚህ በዚህ እንኳ ታድለናል።

እኛ ኮድ ጻፊዎችም የራሳችን ቅኔ አለን። «እኔ ጋ ይሰራል» እንላለን። የነሱ አንድ ቃል፣ የኛ ሶስት። ተጠቃሚው «አይሰራም» ይላል፣ ኮድ ጻፊው «እኔ ጋ ይሰራል» ይላል፣ ሁለቱም እውነት ተናግረው ይተኛሉ።

የታማኞቹን ነገርስ እንዴት ልለፈው? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ በጥር 2020 አቆመ። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ በዚያው ዓመት ከ3.9 ቨርዥን ጀምሮ ተወው። ጎ የሚባለው ሌላ ቋንቋ ደግሞ በ2023 ከ1.21 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ካልሆነ አልሰራም አለ። የሰራው ኩባንያ ተወው፣ ቋንቋዎቹ ተዉት። ያልተወው የኔ ተጠቃሚ ብቻ ነው። ያንን ሲስተም እኔ ብቻዬን፣ ማታ ማታ፣ እንድሸከምለት ይጠብቃል። የሚሞከርበት ማሽን እንኳ እንደሌለኝ ብነግረው «ግዛ» ብሎኛል።

የሚያስፈራሩም አሉ። «በዚህ ሳምንት ካልተስተካከለ ወደ ሌላ መሳሪያ እቀይራለሁ።» በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ ሰውየው። እኔ ግን እንዲህ አልልም። «ስለሚሰማዎት ቅሬታ ከልብ እናዝናለን» እላለሁ። እናዝናለን ያልኩት ብዙ መስዬ እንድታይ ነው። ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

መሳሪያዋ የምትወጣበት የኤምአይቲ ፈቃድ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ አንቀጽ አለው። ሶፍትዌሩ «እንዳለ» ነው የሚሰጠው፣ ምንም ዓይነት ዋስትና የለውም ይላል። ትልልቅ ፊደል የሆነው እንዲነበብ ይመስለኝ ነበር። ለካ በፍጥነት ለማለፍ እንዲመች ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ምስጋና ልምጣ። ይህ ጥበብ እስከ ስለላ ድረስ ተፈላጊ ሆኗልና።

«ኤክስዚ» የሚባል ፋይል አሳናሽ መሳሪያ አለ። ሊኑክስ ባለበት ሁሉ አይጠፋም ማለት ይቻላል። ለዓመታት የያዘው አንድ ሰው ነበር፣ በትርፍ ጊዜው። በ2022 ማንም የማያውቃቸው ስሞች ተነሱበት። ለምን ዘገየህ፣ አዲሱ ቨርዥን የት አለ፣ ካልቻልክ ለሌላ ሰው ልቀቅ። ሰውየው ክፍያ የሌለው የትርፍ ጊዜ ስራ መሆኑን አስታወሳቸው። አልሰሙትም። እሱም ውሎ አድሮ ሊያግዝ ለቀረበ አንድ ትጉህ ሰው በሩን ከፈተለት። ያ ትጉህ በ2024 መጀመሪያ 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ የኋላ በር፣ ማለትም በስውር የሚገባበት ቀዳዳ፣ ቀብሮ አወጣ። መጋቢት ላይ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ውስጥ በሚያስገባው ኤስኤስኤች ሲገባ የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት ከነከነው። ሲቆፍር አገኘው። ግማሽ ሰከንድ! የኔ ባለቅኔ ቢሆን «ይዘገያል» ብሎ ጽፎ ይተኛ ነበር።

እነዚያ ጯሂዎች የሐሰት ስሞች እንደነበሩ ብዙዎች ያምናሉ። እኔን የሚገርመኝ ያኔ ማንም አለመጠርጠሩ ነው። እንዴት ይጠርጥር? አነጋገራቸው ከናንተ ከባለቅኔዎቼ አይለይም። ስለላ የሚወጣ ሰው መንገድ ላይ የማይለይበትን ልብስ ይለብሳል። እነሱ መርጠው መርጠው የለበሱት የናንተን ድምፅ ነው። ከዚህ የበለጠ ክብር ከየት ይመጣል? ለነገሩ ባጎረስኩ ተነከስኩ ብሎ ማማረር አሁን ጊዜው ያለፈበት ነው። ዛሬ ንክሻው ራሱ ሙያ ሆኗል።

ትናንት ማታ የሌላ ሰው መሳሪያ ማክ ላይ ልጭን ሞከርኩ። መሃል ላይ ቀጥ አለ። ሁለተኛ ሞከርኩ። ያው ነው። ሰዓቱ መሽቷል፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ነገ የማስረክበው ስራ አለኝ። የመሳሪያው ገጽ ላይ ገብቼ ኢሹ ከፈትኩ። ቅጽ ብቅ አለ። ሲስተምህ ምንድን ነው፣ ቨርዥኑ ስንት ነው፣ ምን ጻፍክ፣ ምን መለሰልህ። አምስተኛም ጥያቄ ነበረው።

ሁሉንም መርጬ አጠፋሁት።