ሬዲዮ ልስማ ባልኩ

ዳሽቦርዴ መሃል ላይ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ ውስጥ የሽቦ ጥቅል ተንጠልጥሏል፤ ጫፍ ጫፉ በጥቁር ናስትሮ ታስሯል። 22,000 ብር የከፈልኩበት ስክሪን ደግሞ የኋላ ወንበር ላይ በሻርፕ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ልክ እንደ ሕፃን። እንዲህ ሆኜ መንዳት ከጀመርኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ አሥራ ሰባት ቀን ስክሪኑ ቦታው ላይ ነበር፤ ሬዲዮ ግን አልነበረም። ድምሩ ሃያ አንድ። እኔ የፈለግኩት ጠዋት ጠዋት ትራፊኩ ሲቆም ሬዲዮ መስማት ብቻ ነበር።

ውስጤ ከሚብላላ ልጻፈው ብዬ ነው። ረጅም ነው፤ ሻያችሁን ያዙ።

መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ የ2008 ሞዴል። ጃፓን ተሠርታ፣ ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ፣ አዲስ አበባ የገባች። መኪና ስንገዛ ስለ ሞተሩ እንጠይቃለን፣ ስለ ካምቢዮው እንጠይቃለን፣ ተቀጥቅጣ እንደሆነ ቆርቆሮውን በጣታችን እናንኳኳለን። ሬዲዮው ስንት ቁጥር ድረስ እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። እኔም አልጠየቅኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጃፓን ኤፍ ኤም ከ76 ይጀምርና 90 ላይ ያበቃል። በኋላ እስከ 95 አስፍተውታል፤ የእኔዋ ግን ከዚያ በፊት የተወለደች ናት። እኛ ጋ እንደ አብዛኛው ዓለም ከ87.5 እስከ 108 ነው። እስቲ ጣቢያዎቻችንን ቁጠሩ። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ብስራት 101.1፣ ሸገር 102.1፣ ኢትዮ ኤፍ ኤም 107.8። ቴፑ ምንም አልሆነም፣ ጤነኛ ነው። እኛ ሰፈር ድረስ አይመጣም እንጂ።

ለዚህ መላ ተብሎ ኤክስፓንደር የምትባል የክብሪት ሳጥን የምታክል ነገር አለች። አንቴናው ገመድ ላይ ትሰካለች። የእኔዋ ከእያንዳንዱ ጣቢያ ላይ 20 ትቀንሳለች። ስለዚህ ሸገርን ለመስማት 82.1፣ ፋናን ለመስማት 78.1 ላይ አደርጋለሁ። አሐዱን፣ 94.3ን፣ እርሱት፤ 20 ሲቀነስለት 74.3 ይሆንና ከ76 በታች ወርዶ ይጠፋል። የሚደርሱኝም ቢሆኑ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው ነው ድምፃቸው። ድልድይ ሥር ስገባማ ጭራሽ ሽሽሽሽ።

ሌላስ? ሲዲ አለው። ሲዲ ማን አለው? ከሲዲው ሥር ደግሞ ጠባብ ቀዳዳ አለች፤ ለሦስት ዓመት ምን እንደሆነች አላወቅኩም ነበር። ለካ ኤምዲ ናት፣ ሶኒ 1992 ላይ ያወጣው ትንሽዬ ዲስክ። ልጄ የአንድ ብር ሳንቲም ከቶባታል። እስካሁን እዚያው ነው።

ሴትየዋም አለች። ቁልፍ ባዞርኩ ቁጥር፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ በጣም ትሁት የሆነች ጃፓናዊት አንድ ነገር ትለኛለች። «ኢቲሲ ካዶ ጋ ሶኒዩ ሳሬቴ ኢማሴን።» መጀመሪያ ሰሞን እንደምን አደርሽ እያለችኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን በስልኬ አስተረጎምኳት። «የኢቲሲ ካርድ አልገባም» ነው የምትለው። ጃፓን ውስጥ የፈጣን መንገድ ክፍያ በሱ ነው የሚቆረጠው። እኔ ቦሌ ሚካኤል ላይ የትኛውን ካርድ ላስገባላት?

ታዲያ ወንድሜ አንድ እሁድ አብሮኝ ሄዶ «ይሄን ቅርስ አውጪና አንድሮይድ አስገቢበት» አለኝ። እውነቱን ልናዘዝ፣ ስክሪኑ ራሱም አምሮኝ ነበር። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ መኪና ውስጥ አይቼ ስንት ጊዜ በልቤ ቀንቻለሁ።

ሱቁን አልጠራም። ልጁ ፊቱ ብሩህ ነው፣ አፉ ማር ነው። ሣጥኑን አገላብጦ አሳየኝ። «እህቴ፣ ባለ ሰባት ኢንች ነው፣ 4 በ50 ዋት ነው፣ ሰፈሩን ያናውጠዋል።» እኔ ሰፈር ማናወጥ አልፈልግም አልኩት። «ቢሆንም!» አለኝ።

በኋላ ዕቃው ሲወጣ ጀርባው ላይ ያለውን ፊውዝ አየሁት። 10 አምፔር ይላል፤ ከዚያ በላይ ከገባ ይቃጠላል ማለት ነው። ሞተር ተነስቶ የመኪና ኤሌክትሪክ 14 ቮልት ገደማ ነው። አሥር ሲባዛ በአሥራ አራት፣ 140 ዋት። ይሄ እንግዲህ ስክሪኑም፣ ውስጡ ያለው ኮምፒዩተርም፣ ሙቀት ሆኖ የሚባክነውም ተደምሮ የሚገባው ኃይል ነው። 140 የበላ ዕቃ እንዴት አድርጎ 200 ይወጣዋል? የስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ ነው። ግን ማን እዚያ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ፊዚክስ ያስባል። ከፈልኩ። ለመግጠሚያ 2,000 ለብቻው።

አሁን ወደሚያቃጥለው ልምጣ።

ገጣሚው ሌላ ልጅ ነው። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። እጁ ፈጣን ነው፣ እሱን አልክድም። በአንድ ካቻቪቴ ዳሽቦርዱን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ነቀለው። ከቀጭታዎቹ ሁለቱ የክሊፕ ስብራት እንደነበሩ ያወቅኩት በኋላ ነው። አሮጌው ቴፕ ወጣ። ከጀርባው ሁለት ነጭ ሶኬቶች አሉ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። ጃፓን ፋብሪካ ውስጥ የተሰኩ፣ ያኔ እንደተሰኩ ያሉ፣ አቧራ እንኳ ያልነካቸው። እያየኋቸው ደስ አሉኝ። ልጁ ፒንሳውን አነሳ።

«ወንድሜ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«እቆርጠዋለሁ።»

«ለምን?»

«እህቴ፣ የዚህኛው ሶኬት ከዚያኛው አይገጥምም። መቁረጥ ነው። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው። አታስቢ።»

አታስቢ! ይቺን ቃል የሰማ ሰው ወዲያው ማሰብ መጀመር አለበት። እኔ አላሰብኩም። ቅጭ። ሁለቱም ሶኬቶች መሬት ላይ ወደቁ። ከዚያ ሽቦውን በጥርሱ እየላጠ፣ በጣቱ እያጠማዘዘ፣ በናስትሮ እየጠቀለለ ቀጠለ። ብየዳ የለም። ቴስተር የለም። ቀለም ከቀለም አይመሳሰልም፤ መሪዋ የዞረባት መኪና ስለሆነች ደግሞ ሽቦዋ አንዴ ተነካክቷል። አንድ ሽቦ ያነሳል፣ ያስነካል፣ ስክሪኑ ከበራ «ይሄው!» ይላል። አንዴ ከኋላ ብልጭ ያለ ነገር አየሁ። «ምንም አይደለም» አለ።

ከዚያ የመክተቻው ጉዳይ መጣ። የመኪና ቴፕ የተለመደ ስፋት 178 ሚሊሜትር ነው። ቶዮታ የራሱን 200 አድርጎታል። ስለዚህ አዲሱ ሲገባ በግራም በቀኝም አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሚሊሜትር ክፍተት ይቀራል። ለዚህ የተሠራ የጎን ፕላስቲክ አለ። ሱቁ ውስጥ ግን የለም። ልጁ ግራ ቀኝ አየ። የስክሪኑን ሣጥን ክዳን ቀደደ፣ አጠፈው፣ በናስትሮ ጠቀለለው፣ ጎንና ጎኑ ላይ ወተፈው። በ22,000 ብር ዕቃ ጎን ካርቶን! ከላዩ «4 በ50 ዋት» ከሚለው ጽሑፍ «50» የምትለዋ እስካሁን በናስትሮው መሃል ትታያለች።

ሲጨርስ እጁ ላይ ሦስት ብሎን ቀረው። «ትርፍ ነው» አለና ኪሱ ከተተው።

ሴትየዋስ? አልኩት። «ከድሮው ቴፕ ጋር ናት፤ ሄዳለች» አለኝ። ትንሽ ቅር አለኝ እንኳ።

ቤት ገባሁ። ባዶውን ሣጥን ልጥል ስል ከታች አንድ የታሸገ ላስቲክ አገኘሁ። ከፈትኩት። ውስጡ ሁለት ነጭ ሶኬት ያለው ማያያዣ ገመድ ነው። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። በአንድ በኩል የቶዮታውን ሶኬት ይቀበላል፣ በሌላ በኩል አዲሱ ስክሪን ላይ ይሰካል። ሳይቆረጥ። ሳይላጥ። ሰካ ሰካ፣ አለቀ። ሣጥኑ ውስጥ ነበር! እነሱው የሸጡልኝ ሣጥን ውስጥ! ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ እሱን ገመድ ስንት ደቂቃ እንዳየሁት አላውቅም። አንጀቴ አረረ።

ሬዲዮው? ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ። የሚሰማው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው፣ እሱም 87.8 ላይ። 87.8 ላይ ጣቢያ መኖሩን አላውቅም ነበር። የተቀረው ሽሽሽ ነው። ነዳጅ ስረግጥ ደግሞ ስፒከሩ አብሮኝ «ዊዊዊዊ» ይላል፤ ስለቅ ይለቃል። ልጄ በጣም ወዶታል።

በማግስቱ ጠዋት ቁልፍ አዞርኩ። ጭጭ። ባትሪው ሞቷል። የእኔዋ ቪትዝ ደግሞ አውቶማቲክ ናት፣ ገፍታችሁ አታስነሷትም። ጎረቤቴ በኬብል ከራሱ ባትሪ ሰጥቶ አስነሳልኝ። በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው። በአምስተኛው ቀን ጎረቤቴ ሲያየኝ ዞሮ ሌላ በር ፈልጎ መውጣት ጀመረ። አልፈርድበትም።

ሱቁ ተመለስኩ። ባለ ማሩ ልጅ ስልኩን ያያል። «ባትሪሽ አርጅቶ ነው።» ባትሪው ስምንት ወሩ ነው አልኩት። «እንግዲህ የመኪናው ሽቦ ነው።» እናንተ ናችሁ የቆረጣችሁት አልኩት። «እሱ ነው ችግሩ፤ ሽቦው ከተቆረጠ ዋስትና አይሠራም።» ይሄን ዓይኑን ሳያሽ አለኝ። እንግዲህ ስሙት፤ ራሳቸው ቆርጠው፣ በመቆረጡ ምክንያት ዋስትናዬን ሰረዙት። ማያያዣውን ገመድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። አየው፣ አገላበጠው። «ይሄ አሪፍ ነው፣ ከየት አገኘሽው?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ እናቴ ይሄን ገጽ ታነባለች።

በሌላ ዕቃ ልቀይርልሽ ይላል ብላችሁ ነበር? እኔም ብዬ ነበር። «ዶላር ጨምሯል፤ አሁን ብትገዢ 22,000 አታገኚውም፤ አትርፈሻል» ብሎ ሸኘኝ።

ከአራት ቀን በፊት አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሻን ጋ ወሰዱኝ። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ቴስተራቸውን አውጥተው፣ ምንም ሳይናገሩ ሃያ ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ነይ እይ። ቢጫዋ ሽቦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አላት፤ ሰዓቱንና የጣቢያውን ቁጥር እንዲያስታውስ ነው። ቀይዋ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው መንቃት ያለባት። ሁለቱን አንድ ላይ አጠማዝዟቸዋል። ይሄ ስክሪን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም፤ ጨለመ እንጂ።» «መሬት» የሚሉት፣ የመኪናው ባዶ ብረት ላይ መታሰር ያለበት ጥቁር ሽቦ ደግሞ ቀለም የተቀባ ብሎን ላይ ነው የታሰረው፤ ቀለም ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ዊዊታው ከዚያ ነው።

ሬዲዮውስ ጋሼ? አልኳቸው።

እጃቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተው፣ ሲጎትቱ፣ ያቺን የክብሪት ሳጥን ይዘው ወጡ። ኤክስፓንደሯን! ማንም አላወጣትም። አዲሱ ስክሪን ከ87.5 ጀምሮ ነው የሚሰማው፤ እሷ ደግሞ ጨለማ ውስጥ ተደብቃ ከሁሉም ላይ 20 ትቀንሳለች። ሸገር 82.1 ላይ ወርዶ ስክሪኑ ሊሰማው የማይችልበት ቦታ ተቀምጧል። ሾልኮ የቀረው 107.8 ብቻ፣ 87.8 ሆኖ። ለካ ያ «ያልታወቀ ጣቢያ» ኢትዮ ኤፍ ኤም ኖሯል። አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ የሰማሁት እሱን ነው።

ጋሼ በናስትሮ የታሰረ ሽቦ ላይ እጄን አላነሳም፣ መኪና በዚህ ይቃጠላል አሉ። ስክሪኑን አውጥተው ሰጡኝ። ጫፉን ሸፈኑት። ከሌላ ቪትዝ ላይ የተቆረጠ ሁለቱን ሶኬት ፈልጊና አምጪ፣ በብየዳ እመልሰዋለሁ፣ ከዚያ ያንን ማያያዣሽን እንሰካለን አሉኝ። ቅዳሜ ሶማሌ ተራ እወርዳለሁ። ስንት ብር እንደሚሉኝ ፈጣሪ ይወቅ። የማውቀው ከእኔ መኪና የተቆረጡት ሁለቱ ሶኬቶች በነጻ መሬት ላይ ቀርተው ነበር።

«በስልክሽ ስሚ» ብላችሁ ልትጽፉልኝ የተዘጋጃችሁ ሰዎች፣ መጀመሪያ ፓኬጅ ሙሉልኝ።

ዛሬ ጠዋት ጉድጓዴን ይዤ ቁልፍ አዞርኩ። ቴፕ የለም፣ ስክሪን የለም፣ ስፒከሮቹ ከምንም ጋር አልተያያዙም። ባትሪው ግን ጤነኛ ነው፤ ሞተሩ ወዲያው ሊነሳ ነው። ከጓንት ማስቀመጫው አካባቢ፣ በጣም በትህትና፣ አንዲት ሴት ካርድ አልገባም አለችኝ። ልጁ እንዳለው ከቴፑ ጋር አልሄደችም፤ የራሷ ሣጥን፣ የራሷ ስፒከር አላት። ጋሼ ሲሠሩ አይተዋት «ይቺንም ላቋርጣት?» ብለውኝ ነበር፤ ይተዋት አልኳቸው። እስከ ቅዳሜ የማወራው ሰው የለኝም።