«ተማሩ» ብሎ ክፍሉን መዝጋት

«አሜሪካ እንግሊዝኛን ኦፊሴላዊ ቋንቋ ብታደርግ ምን ይከፋል?» የሚለኝ ሰው በዛ። ትራምፕ ይህንኑ ለማወጅ ማርች 1 ቀን 2025 የፈረሙትን ትዕዛዝ እስከ መጨረሻው ያነበበው ግን ጥቂት ነው። ትዕዛዙ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ2000 ያወጡትን ቁጥር 13166 የተባለ ትዕዛዝ ሽሮታል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰው አገልግሎት እንዳይጎድልበት መላ እንዲፈልጉ የሚያስገድደው እሱ ነበር። አሁን አቁሙ አልተባሉም፤ ውሳኔው ለየአለቆቹ ተተወ። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ግዴታ ያልሆነው ነገር እንደሆነ ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቃል።

ይበልጥ ያናደደኝ ምክንያቱ ነው። መጤው ቋንቋውን እንዲማር ያበረታታል ይላሉ። በምን? ትዕዛዙ ውስጥ አንድ የማታ ክፍል የሚያስከፍት፣ አንድ አስተማሪ የሚያስቀጥር ሳንቲም የለም። ጭራሽ ይኸው አስተዳደር ለ2026 ባቀረበው የበጀት ዕቅድ፣ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ተማሪዎች የሚውለው 890 ሚሊዮን ዶላር ይሰረዝ አለ። ይሄ ማበረታታት ከሆነ መከልከል ምን ሊባል ነው? ሁለት ሥራ ሠርቶ እኩለ ሌሊት ቤቱ የሚገባ ሰው የጎደለው ፍላጎት አይደለም፤ ጊዜ ነው።

አስተርጓሚ ቅንጦት ለሚመስላቸው አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የገጠመኝን ልንገራቸው። ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት እናት ተኝታለች፤ የምታስተረጉምላት አስር ዓመት የማይሞላት ልጇ ናት። ሐኪሙ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ ጠየቀ። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «ማሚ፣ ደምሽ ቀጭን ነው ወይ ይልሻል» አለቻት። እናትየዋም «አይ የኔ ልጅ፣ ደሜስ ወፍራም ነው፣ ግፊት አለብኝ» አለች። ልጅቷ ወደ ሐኪሙ ዞራ «ኖ» አለችው። እሱም ጻፈ። አላስቻለኝም፣ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። መድኃኒቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር! ያቺ እናት ኮርስ ተመዝግባ ቢሆን እንኳ በዚያች ደቂቃ ምን ይፈይድላታል? ልጅቷስ ምን በወጣት፣ የእናቷን ነፍስ የምትሸከመው?

ኦፊሴላዊ ቋንቋ ለአገር አንድነት ያስፈልጋል የሚሉትንም አልቀበልም። የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ በወጣ በቀናት ውስጥ ፊላደልፊያ ላይ በጀርመንኛ ታትሟል። አገሪቱ 250 ዓመት ገደማ በፌዴራል ደረጃ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሳይኖራት ኖራለች፤ በዚህ ምክንያት የፈረሰ ነገር የለም።

እንግሊዝኛ አያስፈልግም የሚል ሰው አላጋጠመኝም፣ እኔም አልልም። የሚያበሳጨኝ ከእኛው መሃል «እኛስ ተምረን የለ እንዴ» የሚለው ነው። ወንድሜ፣ አንተ ስትመጣ ፎርሙን ማን ሞላልህ? ስልኩን ማን ደወለልህ?

ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ የከተማዋን ቢሮዎች ይመለከታል፤ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። የትራምፕ ትዕዛዝ ይህን የከተማ ሕግ አልሻረውም። ዲሲ ያላችሁ፣ ቢሮ ስትሄዱ ሳታፍሩ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጆቹ ትምህርት ቤታቸው ይሂዱ።