ስካን ከተደረገ ብራናውን ምን ያደርጉታል?

ሐዋሳ የሚገኝ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የብራናና የብርቅዬ መጻሕፍት ክፍሉን ለተማሪ ዘግቷል። ክፍሉ ከእንግዲህ የሚከፈተው ለክብር እንግዳ ነው፤ ተማሪው ኮምፒውተር ላይ ያንብብ ተብሏል። የቀረበው ምክንያት ሁለት ነው፦ «የተማሪ እጅ ያበላሸዋል» እና «ሁሉም ስካን ተደርጓል»።

የመጀመሪያውን ሰምቶ አለመሳቅ ይከብዳል። ለመሆኑ ዳዊት እዚህ የደረሰው በማን እጅ እየተገለጠ ነው? ታላላቅ የዓለም ቤተ መጻሕፍት እንኳ ለብራና ከጓንት ይልቅ የታጠበና የደረቀ እጅ ይመርጣሉ። እስክሪብቶና ቡና ይከልከሉ፣ ግድ የለም። የክብር እንግዳ እጅ ግን ላብ የለውም ያለው ማን ነው?

ይበልጥ የሚያናድደው የስካኑ ነገር ነው። ስካን ፊደሉን ያሳያል፤ መጽሐፍ ግን ፊደል ብቻ አይደለም። ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጋችሁ እዩት፤ የቀድሞው ባለቤት ስም የተፋቀበት ቦታ ሻክሮ፣ አዲሱ ስም በላዩ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ጸሐፊው መስመር ለማስመር በወስፌ የወጋቸው ቀዳዳዎች፣ ቆዳው ሲፋቅ ተቀድዶ በክር የተሰፋበት፣ ኅዳጉ ላይ ሌላ እጅ የጨመረው የርስት ውል፣ ከገበታው (ከእንጨት ሽፋኑ) ሥር የተለጠፈ የሌላ መጽሐፍ ቁራጭ፤ የታሪክ ተማሪ የሚመራመረው በእነዚህ ነው። የስካነሩ ብርሃን አብዛኛውን ደልድሎ ያጠፋዋል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎቻችን በማይክሮፊልም ተቀርጸዋል፤ ውለታው ትልቅ ነው። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ በመሆኑ በቀይ ቀለም የተጻፈው የቅዱሳን ስም ግራጫ ሆኖ ቀረ። ያኔም «ተቀርጿል» ተብሎ ብራናው ተቆልፎበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ቀዩ ቀለም የምንማረው ከማን ነበር?

ቁልፍ ደግሞ ጠባቂ አይደለም። ሐይቅ ዳር ባለ ከተማ፣ በክረምት፣ አየር በማያገኝ ቁም ሳጥን ውስጥ የተዘጋ ብራና ሻጋታ ሲይዘው ቀድሞ የሚያየው ዘወትር የሚገልጠው አንባቢ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ምስል እንደሆነ አይሻግትም፤ ስለዚህም ምንም አይነግረንም።

ምስሉስ ቢሆን ምን ዋስትና አለው? በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በሳይበር ጥቃት ሲመታ፣ በኢንተርኔት ይታዩ የነበሩት ብራናዎች ለረጅም ጊዜ ከአንባቢ ዓይን ጠፉ። የለንደኑ እንዲህ ከሆነ፣ መብራት በሄደ ቁጥር የሚጠፋውን የእኛን ኮምፒውተር አስቡት።

የለንደኑ ቤተ መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍቶቻችንን ይዟል። ብዙዎቹንም ስካን አድርጓል። እኛ ግን ዛሬም ብራናዎቹ ይመለሱ እንላለን፤ ትክክልም ነን። ነገ ለንደን «ስካኑ አላችሁ፣ ብራናውን ምን ያደርግላችኋል?» ብትለን የእኛ ኃላፊዎች ምን ብለው ሊመልሱ ነው? ቃሉን አስቀድመው ያቀበሏት እነሱ አይደሉም እንዴ?