የመኪናውና የእጁ ስልክ መከታተያ ስራቸው ለየቅል ነው
የውሸት ታወር ሆኖ ስልኮችን ስለሚለየውና ስለሚከታተለው መሳሪያ ሲወራ "በእጅ የሚያዘው ከመጣ የመኪናው ጊዜ አለፈበት" የሚለው አልተዋጠልኝም። ሀሪስ የሚባለው ኩባንያ የሰራው ስቲንግሬይ መኪና ላይ ሲጫን ፓወር እንደልቡ ነው፣ ማጉያ ይጨመርለታል፣ አንቴና ይወጣለታል፣ የሰፈሩን ስልክ ሁሉ ታወር ነኝ ብሎ ይጠራል። ኪንግፊሽ የሚባለው የእጁ አቅሙ አነስ ይላል ግን ደረጃ ይወጣል፣ መኪናው ሰፈሩን ካጠበበ በኋላ የትኛው በር እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው፣ ታዲያ ምኑ ነው ያለፈበት? ደግሞ አገሩን እዩት፣ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ገደሉ ሲግናል ይጋርዳል፣ መኪና ደግሞ ከአስፋልት አይወጣም፣ እዛ በእግር የሚሄደው ይሻላል። "ሲም ቀይሬ ከክትትሉ እገላገላለሁ" ያልሽው እህቴ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ቀፎ ጠጋኝ ነኝ፣ *#06# ብለሽ ስትደውይ የሚመጣው አይኤምኢአይ፣ ማለት የቀፎው መለያ ቁጥር፣ ከሲሙ ጋር አይቀየርም፣ መሳሪያው እሱንም ይለቅማል። ይልቅ አንድሮይድ 12 እና ከዛ በላይ ብዙ ስልኮች ላይ ሴቲንግ ገብተሽ የድሮውን ኔትወርክ 2ጂን መዝጋት ትችያለሽ፣ 2ጂ ላይ እኮ ስልኩ ታወሩን ማነህ ብሎ አይጠይቅም፣ ሙሉ መፍትሄ ባይሆንም ያግዛል። መንዝ ቤተሰብ ጋ ስትሄጂ ግን 2ጂ ብቻ የሚይዝ ቦታ ከገባሽ መልሰሽ ክፈቺው፣ አለዚያ ኔትወርክ የለም ብለሽ ቀፎው ተበላሸ ትያለሽ።