ስለ ሰላ ድንጋይዋ እመቤት ጥቂት ለመጨመር ያህል
ስለ ሰሜን ሸዋ ታሪክ የቀረበውን ጽሑፍ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም ከነገሥታቱ ጎን ሴቶቹ የተነሡት በሚስትነትና በእናትነት ብቻ መሆኑ አሳዝኖኛል። የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ለምሳሌ በልጃቸው ቤተ መንግሥት ተጠልለው የኖሩ ሴት አልነበሩም። መቀመጫቸውን እዚያው ሰሜን ሸዋ በምትገኘው ሰላ ድንጋይ ላይ አድርገው ሰፊ ግዛት በራሳቸው ያስተዳድሩ ነበር፤ ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ በ1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲጓዝ እዚያው ደርሶ እንደ አንድ የአገር ገዥ ያገኛቸው እሳቸውን ነበር። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሲሆን፣ በትምህርት ቤት የነገሥታቱን ስም በቅደም ተከተል በቃሌ ስወጣ ስለ እኚህ ሴት አንድም ቃል አለመስማቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሲነሡም ባለቤታቸው፣ የሐድያዋ ልጅ እቴጌ እሌኒ፣ አብረው ሊነሡ ይገባል። እሳቸው ከንጉሡ ሞት በኋላ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት የቤተ መንግሥቱ ታላቅ አማካሪ ሆነው ኖረዋል፤ በ1500 ዓ.ም. ልብነ ድንግል ገና በልጅነቱ ሲነግሥም መንግሥቱን በሞግዚትነት መርተው ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ ልከዋል።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ክፍል፣ የሣህለ ሥላሴን ባለቤት ወይዘሮ በዛብሽን በአንድ ሐረግ ከማለፍ ይልቅ ሰፋ አድርገው ቢያቀርቡልን፣ ለሰላ ድንጋይም የራሷን ቦታ ቢሰጧት በእጅጉ አመሰግናለሁ።