ምስጋና ለ«ለቅለቅ»

ጅማ ላይ ቡና ሳይታጠብ አይቆላም። ለአንድ እፍኝ ፍሬ ሦስት አራት ጊዜ ውሃ ይቀየራል። ሲኒው ይታጠባል፣ ረከቦቱ ይወለወላል። የውሃው ጀሪካን ግን ዕድሜ ልኩን የሚደርሰው አንድ ክብር ነው፤ ለቅለቅ። ትንሽ ውሃ፣ ሁለቴ መነቅነቅ፣ መድፋት። አለቀ። ይህን ጥበብ ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

የጥበቡ ሊቅ ጎረቤቴ ናቸው። የጀሪካናቸውን አፍ ውስጡን በጣቴ ነካሁና «እማማ፣ ያሙለጨልጫል እኮ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ውሃ የያዘ ነገር ታዲያ ይሻክርልህ?»

መልስ አጣሁ።

ያ ሙልጭልጭ ነገር ባዮፊልም ይባላል። የባክቴሪያ ሰፈር ነው። አሠራሩን ላየ፣ ኮንዶሚኒየም ስንጠብቅ ያረጀነው እኛ እናሳዝናለን። ውሃ በተሞላ በደቂቃዎች ውስጥ፣ በውሃው ያለው ብናኝ ፕላስቲኩን በስሱ ይለብሰዋል። ባክቴሪያው እዚያ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ እንደ ተከራይ ነው፤ ካልተመቸው ይለቃል። ከተመቸው ግን በጥቃቅን ፀጉሮቹ ጥብቅ ይልና፣ ከራሱ ስኳርና ፕሮቲን እያመነጨ በሙጫ ቤት ይሠራል። ያለ ካርታ፣ ያለ ፈቃድ። ሲበዙ በኬሚካል ይጠራራሉ። እንደኛ እድር የሚቀር አባል የለም። ውሃና ምግብ ወደ መሃል የሚገባበት ቦይም አላቸው። ቦያቸው በፕላስቲክ ጠርሙስ አይደፈንም። (ስለ ጅማው ወንዝ ስለ አዌቱ ምንም አልወጣኝም።)

ለቅለቅ ታዲያ ምን ያደርጋል? የሚንሳፈፉትን ይደፋል። ባለቤቶቹን አይነካም። የወገን ነው።

«እኔ እኮ ክሎሪን ጠብ አደርጋለሁ» የሚል ጠንቃቃም አለ። ክሎሪኑ ከሙጫው ጋር ሲታገል አቅሙ ያልቃል። ይህን ነገር ሌቨንሁክ የተባለው የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴ ገና እ.ኤ.አ. በ1680ዎቹ በጥርሱ ላይ አይቶታል። ከጥርሱ ቆሻሻ ፍቆ በማጉያ ቢያይ ጥቃቅን እንስሳት ይርመሰመሳሉ። በኮምጣጤ ቢጉመጠመጥ የሞቱት ከላይ ያሉት ብቻ ሆኑ። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ ባዮፊልም ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያ ብቻውን ከሚንሳፈፈው እስከ 1000 እጥፍ የሚደርስ መድኃኒት ሊቋቋም ይችላል።

እናቴ ይህ ሁሉ አልገባትም ነበር። ጀሪካኑ ውስጥ ጠጠርና ኦሞ ጨምራ፣ እጇ እስኪዝል ትንጠው ነበር። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው! በአንድ ቅዳሜ ስንት ትውልድ ቤት አልባ አድርጋለች።

ጣሪያ ላይ ስላለው ሮቶ አላነሳም። ከተሰቀለ ጀምሮ ክዳኑን የከፈተ ሰው ስለሌለ፣ እኔም ሰላማቸውን መረበሽ አልፈልግም።

ባለፈው ጎረቤቴ ቡና ጠሩኝ። ለቡናው አልሰጋሁም፤ ይፈላል። ከፈንዲሻው በኋላ ግን ውሃ ጠማኝ። እማማ ተነሱ፣ ጀሪካኑን ዘንበል አደረጉና፣ ለእንግዳ ክብር ሲሉ መጀመሪያ ብርጭቆውን ለቅለቅ አደረጉልኝ።